የመንገዳችንን ስም ማን ያውጣው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለሰው ስም እውነት ሊሆን ይችላል። የመንገድን ስም የሚያወጣው ግን ወይ በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው ነው፣ ወይ ማኅተም የያዘ ሰው ነው። የሁለቱ ስም ሲገጥም መንገዱ ታደለ ማለት ነው። ሳይገጥም ሲቀር መንገዱ በወረቀት ሌላ፣ በአፍ ሌላ ሆኖ ይኖራል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሳን ጉዳይ ቅርባችን ነው። በአካባቢያችን ለገጠር መንገዶች ስም ሊወጣላቸው፣ ነባሮቹ ስሞችም እንደገና ሊታዩ ነው፤ ነዋሪውም ሐሳቡን ይጠየቃል ተብሏል። ነገሩ በማኅበራችን የቁጠባ ቀን ሲነሳ ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቻችን «ስም እህል አይሆን፤ መጀመሪያ ድልድዩ ይጠገን» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ሌላ ሰው ስም አውጥቶልን ልጆቻችን በገዛ አገራቸው እንግዳ እንዳይሆኑ» አልን። ስለዚህ ክርክሩን ከመቀጠላችን በፊት አገራችን ስም ስታወጣና ስትለውጥ እንዴት እንደኖረች መለስ ብለን ማየት ወደድን።

ገበያ ያወጣው ስም

የድሮ መንገድ ስሙ መድረሻው ነው። «የጎንደር መንገድ» የሚባለው ወደ ጎንደር ስለሚወስድ ነው፤ ጎንደር ላይ የቆመ ሰው ያንኑ መንገድ በሌላ ስም ይጠራዋል። የሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ሲጓዝ መንገዱን የሚያስታውሰው በማደሪያው፣ በወንዙ መሻገሪያ፣ ቀረጥ በሚከፍልበት ኬላና ተራራውን በሚያልፍበት በር ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ የሚታለፈው ጣርማ በር አንዱ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን እዚያ ተራራ ውስጥ ዋሻ ፈልፍሎ መኪና አሳለፈ፤ ማለፊያውንም በሙሶሊኒ ስም ጠራው። ዋሻው እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ቦታው ግን ዛሬም ጣርማ በር ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጸንቶ የቆየው ስም ገበያ ያወጣው ነው። ከጎንደር በስተደቡብ ያለችው ማክሰኚት ስሟን ያገኘችው ከማክሰኞ ገበያዋ ነው። በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለችው ሐሙሲት ከሐሙስ፣ በሸዋ ያለችው ሮቢት ከረቡዕ የመጡ ናቸው። ዐርብ ገበያ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ የሚባሉ ቦታዎችንማ ቆጥረን አንጨርሳቸውም። እነዚህን ስሞች ማንም ተሰብስቦ አልወሰናቸውም። ሰዎች «የት ትሄጃለሽ?» ሲባሉ «ማክሰኚት» እያሉ ሲመልሱ ኖረው ስሙ ከተማ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ወደነዚያ ገበያዎች ቅቤውን በቅል፣ ጥጡን በእንቅብ፣ ድስቱንና ጀበናውን በጀርባ ተሸክሞ ሲመላለስ የኖረው ማን ነው? ብዙው እጅ የሴቶች ነው። ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ ሴቶች ከተማ ሰይመዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከገበያው መንገድ ሌላ ቀጫጭን መንገዶች አሉ። የውሃ መንገድ፣ የወፍጮ መንገድ፣ የእንጨት መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ መንገድ አለ። በነዚህ ላይ የሚመላለስ ሰው ከአስፋልቱ ተጓዥ የበለጠ ስም ያውቃል። እንስራ የሚወርድበት ድንጋይ፣ ክረምት የሚያንሸራትተው ዳገት፣ ምንጩ ሲደርቅ የሚኬድበት ሌላ ምንጭ፣ ሁሉም ስም አላቸው። ካርታ ላይ ግን አንዳቸውም የሉም። ካርታውን ያነሳው ሰው ሲመጣ መንገድ የጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችን ነው፤ እኛ ውሃ ላይ ነበርን።

ከላይ የወረደ ስም

ባለሥልጣን ስም ሲያወጣ የታየበትን ታሪክ አዲስ አበባ ከማንም በላይ ትናገራለች። ስሟን ያወጡላት ሴት መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ሲሰፍሩ ነው፤ የከተማዋ መቆርቆሪያ 1879 ዓ.ም. ተብሎ ይታወቃል። በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን ቦታው ስም አልባ አልነበረም። ይኖሩበት የነበሩ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉት ነበር፤ ዛሬም ይሉታል። ሁለቱ ስሞች ከመቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ ስም ሲወጣ ሌላው አይሞትም፤ የሚጠሩት ሰዎች እስካሉ ድረስ አብሮ ይኖራል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ብዙ ስም አመጣ። የሚገርመው ግን በአዋጅ ያወጣቸው ታላላቅ ስሞች አብረውት ሲሄዱ፣ ሕዝቡ አፉ ላይ የለወጣቸው ትናንሾቹ ቀሩ። ፒያሳና መርካቶ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካዛንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የተወለደ ነው፤ ሕዝቡ አጣምሞ የራሱ አደረገው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳና የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰዋል። ነዋሪዎቹ ወደየአቅጣጫው ሄደዋል። ተነሺዎቹ ግን በአዲሱ ሰፈራቸው «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ማለታቸውን አልተዉም። ቤት ሲፈርስ ተሸክመነው የምንሄደው ስሙን ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት ተባሉ። ዛሬ ሦስቱም ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። ደርግ ሲመጣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች ተብሎ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ የካቲት 12 ተባለ። የካቲት 12 በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት የተጨፈጨፉ ወገኖቻችን የሚታሰቡበት ቀን ነው፤ ሊከበር ይገባዋል። ግን ሰማዕታትን ለማክበር የአንዲትን እቴጌ ስም ከሴቶች ትምህርት ቤት ማንሳት ግድ ነበር? ተማሪዎቹን፣ የተማሩበትንም እናቶች የጠየቀ አልነበረም።

ጥሩ ሐሳብ ያለው ስም እንኳ ካልተጠየቀ ሕዝብ አፍ ላይ ሲደርስ ይቀራል። ሚያዝያ 27 አገራችን ከፋሺስት ነፃ የወጣችበት ቀን ነው፤ አደባባዩም በዚሁ ይጠራል። ታክሲ ረዳቱ ግን «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» ይላል። የካቲት 12 አደባባይም «ስድስት ኪሎ» ነው። ኋላም ብዙ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በአፍሪካ አገሮች ስም ተሰይመዋል፤ ለአፍሪካ መዲና የሚገባ ክብር ነው። ሆኖም ሰርግ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ስልክ ሲደውል የምንነግረው የጎዳናውን ስም ሳይሆን ዳቦ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም ድሮ የነበረውን ዛፍ ነው።

ቁጥር የያዘው ቦታ

ገጠሩም ከዚህ አላመለጠም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት የከተማ ቀበሌዎች ተከተሉ። ጭሰኛ የነበረ ሰው መሬት ያገኘበት ትልቅ ለውጥ ነበር። በከተሞችና በትናንሽ የገጠር ከተሞች ግን ብዙ ሰፈር በስም ፈንታ ቁጥር ተሰጠው፤ «ቀበሌ 01»፣ «ቀበሌ 05» ተባለ። ቁጥር ለመዝገብ ይመቻል። ችግሩ ቀበሌዎች ሲቀላቀሉና ሲከፈሉ ቁጥሩም አብሮ መለወጡ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የተጻፈ የልደት ወይም የጋብቻ ወረቀት ይዞ የድሮውን ቀበሌ ለመፈለግ የዞረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመንደር ምሥረታው መጣ። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። ሴቶች ከጓሮ ጎመናቸው፣ ከጌሾአቸውና ከምንጫቸው ራቁ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና ቁጥጥሩ ሲላላ ብዙ ገበሬዎች መንደሩን ጥለው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ሲመለሱ ጎጆው የለም፤ አጥሩም የለም። መሬቱን ያገኙት በስሙ ነው። ከእገሌ ምንጭ በላይ፣ ከዋርካው በታች እያሉ ድንበራቸውን ለዩ። የድሮ ስም ጊዜው ያለፈበት ወግ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምስክር አናገኝም።

መንገዱ መጣ፣ ስሙ ዘገየ

የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ሥራ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል፤ በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። እስከዚያም ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ መንገድ ማለት ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ ነበር። ቀበሌን ከቀበሌ፣ ቀበሌን ከጤና ጣቢያ የሚያገናኘው ሥራ የተስፋፋው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአጭሩ ዩራፕ በሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ነው። ዓላማው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ወደየቀበሌው ማድረስ ነበር። በብዙ ቦታ ድንጋይ ያቀበልን፣ አፈር የዛቅን፣ ለሠራተኛው ቆሎና ጠላ ያቀረብን እኛም ነን።

መንገዶቹ በሰነድ የሚጻፉት በሁለት ጫፋቸው ነው፤ ከእዚህ እስከ እዚያ ይላል። በመሀል ያለው ሰው ስም የለውም። ይህ ለመሐንዲስ ይበቃል። ምጥ ለያዛት ሴት ግን አይበቃም።

ድሮ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ነበር የምትወሰደው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ተራ ገብቶ፣ በትከሻ ተሸክሞ ያደርሳት ነበር። ተሸካሚዎቹ ቤቱን ስለሚያውቁ አድራሻ አያስፈልጋቸውም። ዛሬ ለየወረዳው አምቡላንስ ተሰጥቷል፤ በስልክ ይጠራል። ሾፌሩ ግን የሰፈር ልጅ ላይሆን ይችላል። «የት ናችሁ?» ሲል «ከትልቁ ሾላ ታጠፍ» እንለዋለን፤ ሌሊት ነው፣ ሾላው አይታይም፤ ሾላ ያለበት መታጠፊያም አንድ ብቻ አይደለም። ቤቱን የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ሠልጥነዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ የየቤተሰቡንም ማኅደር ይይዛሉ። እሷ ግን ሁልጊዜ ስልክ አጠገብ አትሆንም።

«ስም እህል አይሆንም» ላሉ እህቶቻችን መልሳችን ይህ ነው። ድልድዩ ይጠገን፤ እኛም አብረን እንጠይቃለን። ነገር ግን ስም የሌለው መንገድ በጭንቅ ሌሊት ግማሽ መንገድ ነው።

መለወጥ ያለበት ስም

የቆየ ስም ሁሉ ይቆይ አንልም። የሚያዋርድ ስም አለ። ሸክላ ሠሪን፣ ቆዳ ፋቂን፣ ሸማኔንና ቀጥቃጭን ዝቅ አድርጎ የሚጠራ ስም በየአገሩ ሰፈርና ዳገት ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ለዚህ ምሳሌ ናት። ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት፣ ሴቶቻቸው በሸክላ ሥራ የታወቁባት መንደር ናት። ጎብኚ ግን «የፈላሻ መንደር» በሚል ስም ሲያውቃት ኖሯል። ፈላሻ ሌላው ያወጣላቸው ስም ነው፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደው እንኳ ያ ስም መንገዱ ዳር ቀርቷል። ማንም ሰው ሌላው በሰደበበት ስም ቤቱን እንዲጠራ ሊገደድ አይገባም።

ስለዚህ ስም ይለወጥ ወይስ አይለወጥ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ስሙ የሚነካው ሰው ተጠይቋል ወይ? መጀመሪያ መልስ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ተጠይቀው ያዳኑ ሰዎች

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አየርላንድ ገጠር እያንዳንዱ ቁራሽ አገር ከጥንት የመጣ የራሱ ስም አለው፤ ገበሬው አድራሻውን የሚጽፈው በዚያ ነበር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ፖስታ ቤቱ መንገዶች ስም፣ ቤቶችም ቁጥር ይኑራቸው አለ። ለፖስታ አመላላሹ ቀላል ነበር፤ ነባሮቹ ስሞች ግን ከአድራሻው ወጡ። የአካባቢ ታሪክ የሚያጠኑ ማኅበራት ተነሥተው ተከራከሩ። የፈርማና አውራጃ አስተዳደር አሻፈረኝ ብሎ ነባሮቹን ስሞች አቆየ። ሌሎቹ ዘንድም ክርክሩ አልጠፋም፤ የመንገዱ ሰሌዳ ላይ የነባሩ ስም አብሮ የሚጻፍበት ቦታ ተገኘ። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። አምቡላንስ የሚያገኘው አድራሻና አያቶቻችን የሚያውቁት ስም ጠላቶች አይደሉም፤ አንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱም ይበቃሉ።

ስማችን ወረቀት ላይ ሲሰፍር

የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ሌላ ማስረጃ አለው። የገጠር መሬት ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ፣ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ፣ ፎቶግራፋቸውም አብሮ እንዲለጠፍ ተደረገ። ከዚያ በፊት መሬቱ በባል ስም ብቻ ይታወቅ ነበር። ሚስት ስትፈታ ወይም ባሏ ሲሞት «የእገሌ መሬት» በሚለው ስም ውስጥ እሷ አልነበረችም። ደብተሩ ሁሉን ችግር አልፈታም። ነገር ግን ብዙ እናቶች ሽማግሌና ፍርድ ቤት ፊት አውጥተው የሚያሳዩት ነገር አገኙ። ያ የሆነው መዝጋቢው በራሱ አስቦ አይደለም፤ ደንቡ «እሷንም ጻፍ» ስላለ ነው። የመንገድ ስምም እንዲሁ ነው። ሴቶች ይጠየቁ የሚል ነገር ካልተጻፈ በቀር ሴቶች አይጠየቁም።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበውን በማኅበራችን ተመካክረን እንዲህ አሰናድተነዋል።

ስብሰባው በገበያ ቀንና እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አይጠራ። ስብሰባ መምጣት የማትችል እናት ውሃ ላይ፣ ወፍጮ ቤትና ጤና ኬላ ትጠየቅ።

ለእያንዳንዱ መንገድ መጀመሪያ ያለው ስም ይጻፍ፤ በአካባቢው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ። ሁለት ስም ካለው ሁለቱም ይመዝገቡ።

በአንድ ወረዳ ሁለት መንገድ አንድ ስም እንዳይይዝ ይታይ። አምቡላንስ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በሕይወት ባለ ባለሥልጣን ስም መንገድ አይሰየም። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሰሌዳ መለወጥ ሰልችቶናል።

በሰው ስም የሚሰየም ካለ የአገር አዋላጆች፣ ምንጭ ያስጎለበቱ፣ ድልድይ ያሠሩ ሴቶች ይታሰቡ፤ ቤተሰባቸውም ይጠየቅ።

የሚያዋርድ ስም ይለወጥ፤ ሲለወጥም የተነካው ወገን አዲሱን ስም ራሱ ይምረጥ።

ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በገበያ ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ የማይችል ሰው ጆሮ አለው።

ውድ አባላት፣ በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን እያንዳንዳችን ቢያንስ ሦስት ስም ይዘን እንምጣ፤ አንድ የምንሄድበት መንገድ፣ አንድ ውሃ የምንቀዳበት፣ አንድ ደግሞ እናቶቻችን ብቻ የሚያውቁት። እናቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። የጸሐፊነቱን ሥራ የያዙ እህቶቻችን ስሙን፣ ለምን እንዲያ እንደተባለና ማን እንደነገረን በደብተር ይጽፋሉ። ከኮሚቴው ጋር ባንስማማ እንኳ ያ ደብተር በእጃችን ይቀራል።